የሚበሰብስ ቋጠሮ

ወንዛችን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤
ሲሞላ፣ ከቤሌም ወዲያ የከተማ ጥራጊ አዝሎ ይመጣል፤
ያንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የአሻንጉሊት ክንድ፣ ባዶ ጠርሙስ፣
ሲጎድል፣ ከቤታችን ቋሚ ሥር ጭቃው ላይ ጥሎት ይነጉዳል።

ያን ዓመት አባቴ በጀልባ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ፤
ሞተ ያለን የለ፣ አለ ያለን የለ፤
መኝታ መረቡ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው
በናይለን ገመድ ባዶውን ተንጠለጠለ።
እናቴ ያልቆሸሸ ድስት ታጥባለች፤
ያልቆሸሸ ድስት ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ
የገባኝ ውሎ አድሮ ነው።

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቢላዋ አነሣሁ፤
ከጭቃው አንድ አረንጓዴ የለስላሳ ጠርሙስ መርጬ አወጣሁ፤
ዓሣ ጥላ ይወዳል ብዬ።
ከትከሻው በላይ ቆርጬ አንገቱን ለየሁት፣
አፉን ቁልቁል ገልብጬ ለገዛ ሆዱ አጎረስሁት፤
ጠርሙሱ ራሱን ዋጠ።
ሚስማር በፍም አግዬ ጎኑን ወንፊት አደረግሁት፣
ውሃው እንዲመላለስ፣ ደቃቁ ዓሣ እንዲያመልጥ፤
በናይለን ክር ዙሪያውን ሰፍቼ፣ ድንጋይ ጨምሬ፣
የዘንባባ ፍሬ ዱቄት በቅጠል ቋጥሬ፣
ጣቴ ፕላስቲክ ፕላስቲክ እየሸተተ
ማታ ከዛፍ ሥሮቹ መሐል አሰጠምሁት።

ጎረቤታችን ቴዎዶሚራ፣ ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ
የዘንባባ ስንጥር በጥርሷ ነክሳ ወጥመድ ስትሠራ፣
ስልሳ ዓመት የሠራች፣
አየችኝና ሳቀች፦
«ከእጅ አይሻል ዶማ! ስኳር ስኳር በሚሸት ቤት
የቱ ዓሣ ሊገባልህ ነው? ከረሜላ ነው የምታጠምድበት?»

ንጋት ላይ ሰባት ሽሪምፕ፣ ጣት የምታክል አንድ ዓሣ።
ያን ቀን የእናቴ ድስት ቆሸሸ።
ስታጥበው አየኋት፤ አሸዋ ጨምራ፣ ክንዷ እስኪዝል፣
የዓመት እድፍ ያለበት ይመስል።

በወሩ ሃያ ሆኑልኝ። ሰው መጥቶ «እስቲ አሳየን» ሲል
እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አስረዳለሁ፣ መሐንዲስ ይመስል።
ቴዎዶሚራ ዝም።
አንድ ሌሊት ዝናቡ በረታ፣ ገመድ ተበጠሰ፣ አራቱ ጠፉ፤
ምን ገደደኝ! ወንዙ ነገም ጠርሙስ ያመጣል፣
እንኳን አራት፣ አርባም ቢጠፉ።

ውሃው እጅግ በጎደለበት ወር
እሷ ናት ያገኘችው፣ በታንኳ ሥር ለሥር ስትዞር።
ጠራችኝ። ወደ ፀሐይ አነሣችው።
አጥንት በአጥንት ላይ፣ ቅርፊት በቅርፊት ላይ ተነባብሮ፣
የሞተው ለሚመጣው ማባበያ ሆኖ፣
የመጣውም ሞቶ፣ ለሌላው ማባበያ ሆኖ፤
ከሁሉም በላይ አንዲት፣ ገና በሕይወት ያለች፣
ግድግዳውን በአፏ እየነካካች ትዞራለች።

«የእኔ ወጥመድ ቢጠፋ» አለች፣ «ወንዙ ይበላዋል፣ ይበሰብሳል፣
የያዘውንም ይለቃል።
ያንተ ግን፣ ልጄ፣ ባለቤቱ ቢረሳውም
እሱ ማጥመዱን አይረሳም።»
ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከጉያዋ ቃጫ አውጥታ
«አፉን በዚህ ስፋው» አለችኝ።
«ይህማ ይበሰብሳል!»
«እንዲበሰብስ ነዋ።»

ከዚያ ወዲህ ጨረቃ በሞላች ቁጥር
አሮጌውን ስፌት በጥሼ በአዲስ ቃጫ እሰፋለሁ፤
ሥራ ያበዛል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፤
አንዳንዴም ቸል ብዬ፣ ያመለጠኝን እቆጥራለሁ።

እናቴ ከበር ላይ ሆና ስሰፋ ታየኝ ነበር።
አንድ ቀን ቃጫ ጠየቀችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።
ማታ የአባቴን መኝታ መረብ
ናይለኑ ተፈትቶ
በቃጫ ታስሮ አገኘሁት።

ሁለት ክረምት ቆየ።
በሦስተኛው፣ ሌሊት፣ ውሃው ሲሞላ
ዱብ ሲል ሰማነው።
ሁለታችንም ነቅተን ነበር፤
ማናችንም ልናነሣው አልተነሣንም።